በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ለቆዳ በሽታ የሚውሉ ዕፅዋትና የመምህሩ ድርሻ

የቆዳ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም፤ ስለዚህም ይናቃል። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ሲያሳክከው ያደረ ሕፃን በማግሥቱ ትምህርቱን በሚገባ አይከታተልም፤ ራሱ ላይ ቆረቆር የወጣበትም ከጓደኞቹ ዕይታ ለመሸሽ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ወላጆች በቅድሚያ የሚይዙት መድኃኒት በጓሮ ወይም በገደል አፋፍ የበቀለውን ዕፅ ነው። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው «ዕፁ ያድናል ወይስ አያድንም?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ለየትኛው በሽታ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

የአገሩ ጠባይ

መንዝና ግሼ በአንድ አውራጃ፣ መርሐ ቤቴ ደግሞ ራሱን በቻለ አውራጃ ይተዳደሩ ነበር፤ ዛሬ በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ በየወረዳቸው ይገኛሉ። የመንዝ አምባ ሰፊው ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ብርዱ ብርቱ ነው። ሕዝቡም ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይለብሳል። መርሐ ቤቴ በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ያለ፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ አገር ነው። የከፍታው ልዩነት የዕፅዋቱንም ዓይነት ይለያል፤ ቱልት በመንዝ ሜዳ ሲበቅል፣ ብሳናና ቁልቋል ወረድ ባለው ተዳፋት ይገኛሉ።

አንድ «ቁስል»፣ ልዩ ልዩ ምንጭ

በቆዳ ላይ የሚታየው ሁሉ በአንድ ስም «ቁስል» ቢባልም መነሻው አንድ አይደለም። እከክ በዓይን ለማየት እጅግ አስቸጋሪ በሆነች ነፍሳት መሰል ፍጥረት ይመጣል፤ ይህችም ቆዳን እየሰረሰረች እንቁላሏን ትጥላለች። ምልክቱ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብና በብብት የሚወጣ፣ ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ነው። ጭርትና ቆረቆር በፈንገስ ይመጣሉ። ጭርት ጠርዙ ከፍ ያለ ክብ ምልክት ሲሆን፣ ቆረቆር የራስ ጠጉርን ይመለጣል። ብጉንጅና ቅርፊት እያበጀ የሚፈስ ቁስል ከባክቴሪያ፣ በእጅ ላይ የሚወጣ ኪንታሮት ደግሞ ከቫይረስ ይነሣል። ችፌ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ስለዚህ ብሳና ለጭርት ረድቶ ለእከክ ቢከሽፍ የሚያስገርም አይደለም። ለአንዱ የተመሰገነ ዕፅ ለሁሉም ይረዳል ብሎ መውሰድ ከልማዳዊው ሕክምና ስሕተቶች ዋነኛው ነው።

ዕፅዋቱና ጠባያቸው

ብሳና፦ ጫፉ ሲቀጠፍ የሚወጣው ፈሳሽ ጭርት ላይ ይቀባል። የዚህ ዛፍ ጭማቂ አንዳንድ ፈንገሶችንና ባክቴሪያዎችን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ነገር ግን ቆዳን የሚያቃጥል ጠባይ ስላለው ለዓይን፣ ለተላጠ ቆዳና ለጨቅላ ሕፃን አይሆንም፤ ሊጠጣም አይገባም።

እሬት፦ ቅጠሉ ሲሰነጠቅ ሁለት ነገር ይገኛል። ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ሲዋጥ ሆድን በብርቱ ያስቀምጣል። በውስጡ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ግን ቀላል ቃጠሎን ያበርዳል። ሁለቱን ሳይለዩ መጠቀም ለጉዳት ያጋልጣል።

ነጭ ሽንኩርት፦ ሲደቆስ የሚፈጠረው አሊሲን የተባለ ንጥረ ነገር ባክቴሪያንና ፈንገስን ይገታል። ሆኖም ጥሬው ተደቁሶ ለረጅም ሰዓት ቢታሰር ቆዳን ልክ እንደ እሳት ያቃጥላል።

መቅመቆና ቱልት፦ ሁለቱ በዝምድና የተቀራረቡ ናቸው። መቅመቆ ቅቤ ለማንጠር የታወቀ ሲሆን፣ ሥሩ ተወቅጦ በቅቤ እየተለወሰ ለቆዳ በሽታም ይውላል። ቅቤው ንጹሕ ካልሆነና ክፍት ቁስል ላይ ከተቀባ ግን አዲስ ልክፍት ያመጣል።

ቁልቋል፦ ወተቱ በኪንታሮት ላይ ይንጠባጠባል። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ መታወር ሊያደርስ ስለሚችል በልጅ እጅ መያዝ የለበትም። የእጅ ኪንታሮት ብዙውን ጊዜ በራሱ ስለሚጠፋ ይህን ያህል አደጋ መቀበል አያስፈልግም።

ከልማድ ወደ ማረጋገጫ፤ የእንዶድ ምሳሌ

የሕዝብ ዕውቀት እንዴት ሳይንስ እንደሚሆን እንዶድ በሚገባ ያስረዳል። ፍሬው ሸማ ለማጠብና ቆዳ ለማጽዳት ከጥንት ጀምሮ ያገለገለ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ከዚህም ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። በዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፣ ጠቃሚው ዕውቀት ልብስ ከሚያጥቡ ሰዎች ልማድ የተነሣ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ቀንድ አውጣንና ዓሣን የሚገድል ዕፅ «የአገር ዕፅ ስለ ሆነ አይጎዳም» ሊባል አለመቻሉ ነው። እንዶድ ሲዋጥ መርዝ ነው፤ ዓይንንም ክፉኛ ይለበልባል። እንዲሁም በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ፈንገስን የገታ ጭማቂ በሰው ገላ ላይ ፍቱን ለመባል መጠኑ መወሰን፣ ጉዳቱም መመርመር አለበት።

እከክና ባና

በደጋው አገር መድኃኒት ከሽፏል ሲባል ብዙ ጊዜ የከሸፈው አጠቃቀሙ ነው። የእከክ ተባይ በዋነኛነት የምትተላለፈው ገላ ከገላ ሲነካካ ነው፤ ብርዱን ለመከላከል ብዙ ልጆች በአንድ ባና ሥር ተቃቅፈው ሲተኙ መንገዱ ይመቻታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ስለ ሆነ ጤነኛ መስሎ ሌላውን ያስይዛል። ስለዚህ የሚያከውን ልጅ ብቻ ማከም በከንቱ መድከም ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት።

ተባይዋ ከሰው ገላ ከተለየች አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቀን በላይ አትኖርም፤ በቅዝቃዜ ግን ዕድሜዋ ይረዝማል። ሊታጠብ የሚችለው ልብስ በፈላ ውኃ ይታጠብ። ባናን እንዲህ ማጠብ ስለሚያስቸግር ከሳምንት ላላነሰ ጊዜ ሳይለበስ በጆንያ ታስሮ ሞቅ ባለ ስፍራ ቢቀመጥ ይበጃል።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ በአማራ ክልል በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እከክ በወረርሽኝ መልክ መስፋፋቱ ያስረዳል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መካከል መድቦታል። በጤና ጣቢያ የሚሰጡት ቤንዚል ቤንዞኤት፣ ፐርሜትሪንና የድኝ ቅባት መጠናቸው የታወቀ፣ ፍቱንነታቸውም የተረጋገጠ ነው። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ደጋግሞ መቀባት አይገባም።

መምህሩና ዕቅድ አውጪው

ከመምህር የሚጠበቀው ሐኪም መሆን ሳይሆን ለይቶ ማየት ነው። ትንሽ ጭርት ወይም ቀላል ቃጠሎ ሲሆን በጥንቃቄ የተያዘው የቤት መድኃኒት ለጊዜው ይበቃል፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ለውጥ ከሌለ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ቆረቆር ግን ፈንገሱ በጠጉር ሥር ስለሚኖር በሚቀባ ነገር ብቻ አይድንም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ ክኒን ያስፈልገዋል። ምላጭና ማበጠሪያ መዋዋስም መቅረት አለበት። መግል የያዘ ቁስል ትኩሳት ካስከተለ፣ ወይም ከቁስሉ በኋላ የልጁ ፊት ካበጠና ሽንቱ ከጠቆረ ኩላሊቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ሲነኩት የማይሰማ የነጣ ወይም የቀላ የቆዳ ክፍልም የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሊታይ ይገባዋል። ከሁሉም በላይ ልጁ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ሊዋረድ አይገባም፤ ያፈረ ልጅ በሽታውን ይሸሽጋል፣ የሸሸገም ያስተላልፋል።

ዕቅድ አውጪዎችም በትምህርት ቤት ግቢ ውኃና ሳሙና እንዲኖር፣ የቅርቡ ጤና ጣቢያ የእከክ መድኃኒት ለቤተሰብ በሚበቃ መጠን እንዲይዝ ማድረግ ይኖርባቸዋል። በሳይንስ ትምህርት ጊዜ ተማሪዎች የአካባቢያቸውን ዕፅዋት ስም፣ የሚያገለግለውን የዕፁን ክፍልና አደጋውን ከአረጋውያን ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ ዕውቀቱ በአዋቂዎቹ ሞት ከመጥፋት ይድናል። ሥሩ የሚፈለገው ዕፅ ተነቅሎ እንዳያልቅም በትምህርት ቤት ጓሮ መተከል ይችላል። አባቶች ያቆዩት ዕውቀት የሚከበረው ሳይመረመር ሲወደስ ሳይሆን፣ ጠቃሚው ከጎጂው ተለይቶ ለልጆች ጤና ሲውል ነው።