ልጅዎ «ሰርቨር እንግዛ» ሲል፣ ከመክፈልዎ በፊት ምን ይጠይቁ?

እንበልና ልጅዎ የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሶ ሥራ ሊጀምር አስቧል። ከጓደኛው ጋር ሆኖ የአካባቢያችንን ትናንሽ ሱቆች ድረ ገጽ ማስተናገድ ይፈልጋል። በታልፒዮት የኢንዱስትሪ አካባቢ ጋራዡም ሱቁም ብዙ ስለሆነ ደንበኛ አይጠፋም ይላል። ለሥራው ግን ማሽን ያስፈልጋል። አንዱ ሻጭ «ፈጣን የቤት ኮምፒውተር ይበቃል» ብሎታል። ሌላው ደግሞ «እውነተኛ ሰርቨር ካልሆነ አይሆንም» ብሎታል። የዋጋው ልዩነት ብዙ ሺህ ሼቄል ሊሆን ይችላል፤ ከፋዩም እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ማንን ማመን ይሻላል?

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ድረ ገጽ አየር ላይ የተንሳፈፈ ነገር አይደለም። ቀንና ሌሊት በማይጠፋ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰው በስልኩ ሲከፍተው መልስ ይልካል። ያን መልስ የሚያዘጋጀው የኮምፒውተሩ አንጎል ፕሮሰሰር ይባላል። ይህ ዕቃ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። ኢንቴል ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያ የሆነውን የሲሊከን ቺፕ ማምረቻ በ1985 የከፈተው እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ሐር ሖጽቪም ውስጥ ነበር።

ፕሮሰሰር በሁለት ወገን ይከፈላል። ለቤትና ለቢሮ የሚሸጡት የኢንቴል ኮር እና የኤ.ኤም.ዲ ራይዘን ናቸው። ለሰርቨር የተሠሩት ደግሞ ከ1998 ጀምሮ ያለው የኢንቴል ዚዮን እና ከ2017 ጀምሮ ያለው የኤ.ኤም.ዲ ኤፒክ ናቸው።

ፈረስና በቅሎ

በጎንደር ገጠር ያደጉ ወላጆች ልዩነቱን ቶሎ ይረዱታል። በሜዳ ላይ በቅሎ ፈረስን አትቀድምም። ጭነት ይዞ ገደላ ገደሉን ለመውጣት ግን የምትመረጠው በቅሎ ናት። ፈረሱ ስለማይረባ ሳይሆን ሥራው ሌላ ስለሆነ ነው።

በቁጥር እንየው። ራይዘን 9 7950ኤክስ የሚባለው የቤት ፕሮሰሰር 16 የሥራ ክፍሎች አሉት፤ ፍጥነቱም እስከ 5.7 ጊጋ ኸርዝ ይደርሳል። ኤፒክ 9654 የሚባለው የሰርቨር ፕሮሰሰር እስከ 3.7 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ይሄዳል፤ የሥራ ክፍሎቹ ግን 96 ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ገጽ ሲከፍት የቤቱ ፕሮሰሰር ቶሎ ሊመልስ ይችላል። ብዙ መቶ ድረ ገጾች በአንድ ጊዜ ሲጠየቁ ግን ሰርቨሩ ይሸከማል። «የቤት ኮምፒውተር ቀርፋፋ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ እውነቱን አልነገረዎትም።

ስሕተትን የሚያርም ማስታወሻ

ዋናው ልዩነት ከፍጥነት ይልቅ በስሕተት ላይ ነው። ኮምፒውተር ሁሉን ነገር የሚይዘው በዜሮና በአንድ ነው። አልፎ አልፎ በማስታወሻው ውስጥ አንዷ ዜሮ ወደ አንድ፣ ወይም አንዷ አንድ ወደ ዜሮ ትገለበጣለች። በዚህች ትንሽ መገልበጥ ብቻ 100 ሼቄል ተብሎ የተጻፈ ዋጋ 36 ሊሆን ይችላል። ለጨዋታ በሚያገለግል ኮምፒውተር ላይ ማንም ላያስተውለው ይችላል። የሰው ሒሳብና ትእዛዝ በሚይዝ ማሽን ላይ ግን ጉዳት ነው።

የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ኢ.ሲ.ሲ ከሚባል ስሕተት አራሚ ማስታወሻ ጋር ይሠራሉ። አንዷ ስትገለበጥ ያርማታል፤ ሁለት ሲገለበጡ ደግሞ ያሳውቃል። የቤት ኮምፒውተሮች አብዛኛውን ጊዜ ይህ የላቸውም። ሆኖም አንዳንድ የራይዘን ማሽኖች ቦርዳቸው ከፈቀደ ይቀበሉታል። ኤ.ኤም.ዲም በ2024 ከራይዘን ጋር በአንድ ዓይነት ቦርድ ላይ የሚገጠም አነስተኛ ኤፒክ አውጥቷል። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይመልከቱ። «ኢ.ሲ.ሲ አለው? በሥራ ላይስ ውሏል?» ብለው ይጠይቁ።

ከ2024 የምንማረው

በዚያው ዓመት ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ኮር ፕሮሰሰሮቹ ላይ ችግር እንዳለ አመነ። ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ስለሚደርሳቸው አንዳንዶቹ ይበላሹ ነበር። የኮምፒውተር ጨዋታ የሚያስተናግዱ ድርጅቶችም በሥራ ብዛት ማሽኖቻቸው ደጋግመው እንደሚቆሙ ተናግረዋል። ኩባንያው ማስተካከያ ለቀቀ፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር ግን ማስተካከያው አያድነውም። ያገለገለ ማሽን ሲገዙ የፕሮሰሰሩን ትውልድና የቀረውን ዋስትና በወረቀት ይጠይቁ።

የኤሌክትሪክ ሒሳቡ

ያገለገለ ሰርቨር ዋጋው ርካሽ ሆኖ ሊያጓጓ ይችላል። ነገር ግን ማራገቢያዎቹ በጣም ይጮኻሉ፤ መኝታ ቤት አጠገብ አይቀመጥም። 200 ዋት የሚወስድ ማሽን ቀንና ሌሊት ሲሠራ በ30 ቀን 144 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። በኤሌክትሪክ ሒሳብዎ ላይ ያለውን የአንዱን ዋጋ በዚህ ያባዙና ለልጅዎ ያሳዩት።

ታዲያ የቱ ይመረጥ?

ለመማር ከሆነ፣ ያገለገለ ተራ የቤት ኮምፒውተር ይበቃል። ሊኑክስ መጫን፣ ድረ ገጽ ማቆም፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝና የወደቀውን ማንሳት ሁሉ በእሱ ላይ ይለመዳል። ቀጣሪ ፊት የሚቀርበውም ይህ ሙያ ነው፤ የማሽኑ ዋጋ አይደለም።

ለአንድ ሱቅ ድረ ገጽ ከሆነ፣ ምንም ማሽን አይግዙ። ከአስተናጋጅ ድርጅት በወር ትንሽ ቦታ መከራየት ይሻላል።

ገንዘብ ከፍለው የሚተማመኑበት ደንበኞች ካሉት ግን፣ ኢ.ሲ.ሲ ያለው ሰርቨር በመረጃ ማዕከል ውስጥ ይከራይ። እዚያ መብራት ሲጠፋ ተተኪ ኃይል አለ፤ ዕቃ ሲበላሽም የሚቀይር ሰው አለ። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ማሽን፣ ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ይህ የለውም።

ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ መጠባበቂያ ቅጂው የት ነው የሚቀመጠው? በየስንት ጊዜ ይወሰዳል? ማሽኑ ቢቆም በስንት ሰዓት ይነሳል? ክፍያው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ይጨምራል?

ስለ መብትዎም አንድ ነገር እንጨምር። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ሲገዙ፣ የ1981ዱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ 14 የመሰረዣ ቀናት ይሰጣል። ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከመጡ 5 ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ገቢዎች፣ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ ከሆነ ጊዜው እስከ 4 ወር ይደርሳል። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው በዋናነት ለግል፣ ለቤትና ለቤተሰብ የሚገዛን ሰው ነው። ማሽኑ ለንግድ ከሆነ፣ የመመለስ መብትዎን ውሉ ላይ በጽሑፍ ያስገቡ።

ልጅዎ ሥራ መጀመር መፈለጉ የሚያስደስት ነው። እነዚህን ጥያቄዎች አብራችሁ ተቀምጣችሁ ብትመልሱ ገንዘቡም ይተርፋል፤ ልጁም የመጀመሪያ ደንበኛውን ሲያነጋግር ምን እንደሚመልስ ያውቃል።