የተነባበሩ መደቦች፤ በሥዕል ፊልም ውስጥ የከተማ ጥልቀት እንዴት እንደሚገኝ

በባቡር የሚጓዝ ሰው በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት፣ በሐዲዱ ዳር የተተከለው የስልክ እንጨት ገና ሳያየው ያልፈዋል፤ ከእርሻው ማዶ ያለው ዛፍ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ተራራው ግን ለረዥም ጊዜ ከተጓዡ ጋራ አብሮ የሚሄድ ይመስላል። ጨረቃማ ከነጭራሹ ከሥፍራዋ አትነቃነቅም። ዓይን የቅርቡን ከሩቁ ከሚለይባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ይህ የፍጥነት ልዩነት ነው። ሥዕሎችን አንድ በአንድ ፎቶግራፍ በማንሣት የሚሠራው፣ አኒሜሽን የሚባለው ፊልም፣ ጎዳናና ሰገነት፣ ግንብና ጣራ ያለውን ከተማ ከጠፍጣፋ ወረቀት አውጥቶ ተመልካቹን በመካከሉ ለማሳለፍ የቻለው በዚሁ ልዩነት በመጠቀም ነው።

አንድ ሠዓሊ በአንድ ወረቀት ላይ ከተማን ቢሥል፣ ሥዕሉ ሳይንቀሳቀስ እስከ ታየ ድረስ ጥልቀት ያለው ይመስላል። የጎዳናው የግራና የቀኝ መስመሮች ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባሉ፤ የሩቁ ቤት ያንሳል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። ካሜራው ወደ ሥዕሉ መቅረብ ሲጀምር ግን ማታለሉ ይገለጣል። ሁሉም ነገር በአንድ ልክ ያድጋልና፣ የቅርቡ በር እጥፍ በሆነ ጊዜ ከከተማው በላይ ያለችው ጨረቃም እጥፍ ትሆናለች። በእውነተኛው ዓለም ወደ አንድ ቤት ደጃፍ ጥቂት እርምጃ ለቀረበ ሰው ጨረቃ አድጋ አትታየውም።

ችግሩ ከፊልም መፈጠር በፊት የነበረ ነው። በኢጣልያ አገር በቪቼንሳ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1585 ዓ.ም. በተከፈተው በቴያትሮ ኦሊምፒኮ መድረክ ላይ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፣ ቪንቼንሶ ስካሞትሲ የጥንቷን የቴብስን ጎዳናዎች አስመስሎ ከእንጨትና ከልስን ሠርቶ ነበር። እነዚህ ጎዳናዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ወለላቸው ወደ ኋላ ከፍ ይላል፤ ቤቶቹም ወደ ውስጥ በዘለቁ መጠን ያጥራሉ፤ ስለዚህ ከፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ጎዳናው ከእውነተኛው ርዝመቱ እጅግ በልጦ ይታየዋል። ነገር ግን አንድ ተዋናይ ወደ ጎዳናው ዘልቆ ቢገባ ከቤቶቹ ጋራ ሲነጻጸር እንደ ግዙፍ ሰው ሆኖ ይገኛል። የከተማውን ርቀት ማስመሰል ብቻውን አይበቃም፤ ነዋሪው ከየትኛው ርቀት ጋራ እንደሚቈጠርም አስቀድሞ መወሰን አለበት። የሥዕል ፊልም ሠሪዎችም ከ300 ዓመት በላይ ቈይተው የገጠማቸው ይኸው ጉዳይ ነው።

ሌላው የዚህ ጥበብ ዘመድ የጥላ ጨዋታ ነው። በጃቫ ደሴት ዋያንግ በሚባለው ጨዋታ፣ ዳላንግ ተብሎ የሚጠራው ተጫዋች ከቆዳ የተቀረጸውን ምስል ከመጋረጃው ላይ ሲያስጠጋው ጥላው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ወደ መብራቱ ሲያርቀው ግን ጥላው ያድጋል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። በዚህ ዓይነት በአንድ ጠፍጣፋ ጨርቅ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥፍራዎች ይፈጠራሉ። ጀርመናዊቱ ሎተ ራይኒገር ከጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቈረጠች ምስሎችን ስትሠራ የተከተለችው ይህንኑ የጥላ ጨዋታ ልማድ ነው፤ ኋላም ስለ ጥላ ቴያትር መጽሐፍ ጽፋለች። በ1926 ዓ.ም. የታየው «የልዑል አሕመድ ጀብዱ» የሚባለው ፊልሟ እስከ ዛሬ ከተረፉት ረዣዥም የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ የቀደመው ነው። ምስሎቹ በመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ይጋደማሉ፤ ብርሃን ከሥር ይበራል፤ ካሜራው ከላይ ሆኖ ይመለከታል። መደቡ፣ ማለት ከምስሎቹ በስተ ኋላ ያለው ሥዕል፣ የሚሠራው ብርሃን ከሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ነው። ወረቀቱ አንድ ብቻ የሆነበት ክፍል ፈዝዞ የሩቅ ሰማይ ወይም ተራራ ይመስላል፤ ሁለትና ሦስት የተደራረበበት ክፍል ይጠቍራል፤ ቅርብም ይሆናል። የኸሊፋው ከተማ ርቀት የተሠራው በዚህ ቀላል ዘዴ ነው።

በዚያ ፊልም ሥራ ላይ ከረዷት ሰዎች አንዱ በርቶልድ ባርቶሽ ነበረ። እርሱም በ1932 ዓ.ም. በፈጸመው «ሐሳብ» በሚለው ፊልሙ መስተዋቶቹን አብዝቶ አንዱን ከሌላው በላይ አነባበረ፤ በመስተዋቶቹም ላይ ሳሙና እየቀባ ብርሃኑ እንዲበተን አደረገ። ፋብሪካና ጠባብ መንገድ ያለበት ከተማው ጢስና ጉም እንደ ሸፈነው ሆኖ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህን የሚያህል ከተማ በሳሙና መሥራት መቻሉ የሚያስደንቅ ነው።

አሠራሩን ወደ ትልቅ መሣሪያ ያደረሰው በአሜሪካ የዋልት ዲዝኒ ድርጅት ነው፤ ምንም እንኳ የመጀመሪያው ባይሆን። በዊልያም ጋሪቲ መሪነት የተሠራው ባለ ብዙ መደብ ካሜራ ከሦስት ሜትር በላይ ቁመት ነበረው። ካሜራው ከላይ ሆኖ ቍልቍል ይመለከታል፤ ከሥሩም እስከ ሰባት የሚደርሱ የሥዕል ደረጃዎች፣ በመካከላቸው ክፍት ሥፍራ እየተተወ፣ እንደ መደርደሪያ ይቀመጣሉ። መደቦቹ በዘይት ቀለም በመስተዋት ላይ የተሣሉ ናቸው። ሥዕል ያላረፈበት መስተዋት ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ ከሥሩ ያለው ደረጃ በክፍተቱ በኩል ይታያል። እያንዳንዱ ደረጃ ወደ ጎንም ወደ ላይና ወደ ታችም ለብቻው ይንቀሳቀሳል፤ የየራሱም መብራት አለው።

የእንቅስቃሴው ስሌት የባቡሩን ተጓዥ የሚያስታውስ ነው። አንዱ ግንብ ከተመልካቹ በአሥር ሜትር፣ ሁለተኛው በሃያ ሜትር፣ ሦስተኛው በመቶ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆኑ፣ በፊልሙ ላይ የመጀመሪያው አሥር ሚሊሜትር ወደ ጎን ሲሄድ ሁለተኛው አምስት፣ ሦስተኛው አንድ ሚሊሜትር ብቻ መሄድ ይገባዋል። ርቀቱ በጨመረ መጠን መንገዱ ይቀንሳል፤ ለጨረቃም ምንም አይደርሳትም። ፊልም በሴኮንድ 24 ሥዕል ስለሚያሳልፍ፣ ለአሥር ሴኮንድ ትርኢት 240 ጊዜ ፎቶግራፍ ይነሣል። ደረጃዎቹ አምስት ቢሆኑና ሁሉም ቢንቀሳቀሱ፣ ሠራተኞቹ 1200 ጊዜ እየለኩ ማስተካከል አለባቸው። አንዱ ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳሳት ከተማው ይንቀጠቀጣል፤ ሥራውም እንደገና ይጀመራል።

መሣሪያው መጀመሪያ የታየው በ1937 ዓ.ም. በወጣው «አሮጌው ወፍጮ» በሚለው አጭር ፊልም ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን በከተማ ላይ የተፈተነው በ1940 ዓ.ም. በታየው «ፒኖኪዮ» ነው። በማለዳው ትርኢት የግንቡ ደወሎች ይደወላሉ፤ ርግቦች ይበራሉ፤ ተመልካቹም በጣራዎችና በጭስ ማውጫዎች መካከል ቍልቍል እየወረደ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ከሚወጡባቸው ደጃፎች ዘንድ ይደርሳል። ታሪኩ ኢጣልያዊው ካርሎ ኮሎዲ የጻፈው ነው፤ መንደሩ ግን ኢጣልያን አይመስልም። ትውልዱ ከስዊድን የሆነው ሠዓሊ ጉስታፍ ቴንግሬን የነደፈው መንደር፣ በጣራው ሹልነትና በግድግዳው ማገር፣ በጀርመን አገር ያለችውን ሮተንቡርግን ይመስላል። ከመደብ ሥዕል አሠራር አንጻር ምርጫው ጥቅም ነበረው፤ ሹል ጣራዎች አንዱ ከሌላው በስተ ኋላ ብቅ ሲሉ ደረጃዎቹን በግልጥ ይለያሉ። ከባህል ጥናት አንጻር ግን የአንድን ሕዝብ ተረት በሌላ ሕዝብ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነውና ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፊልሙን ያዩ ብዙ ሕፃናት የፒኖኪዮን አገር የሚያስቡት ከኢጣልያ ይልቅ በእነዚህ ጣራዎች ነው።

የተነባበረ መደብ አንድ የማይድን ጉድለት አለው፤ ቤቱ ፊት እንጂ ጎን የለውም። ዛፍና ደመና ቅርጻቸው ልቅ ስለ ሆነ ይህ አይታወቅባቸውም። ሕንጻ ግን ማዕዘን አለው፤ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ተሰውሮ የነበረው ግድግዳው ቀስ በቀስ መገለጥ ይገባዋል። በመስተዋት ላይ የተሣለው ቤት ይህን ስለማይችል፣ እንደ ተቈረጠ ወረቀት ተንሸራትቶ ያልፋል። ከተማ ከዱር ይልቅ ለሠዓሊ የሚከብደው ስለዚህ ነው። ብልኆቹ ሠሪዎች እንቅስቃሴውን ያሳጥራሉ፤ ወይም ማዕዘኑን በተሰቀለ ልብስ፣ በድልድይ፣ በጣራ ክዳን ጠርዝ ይሸፍናሉ። የፍላይሸር ወንድማማቾች ድርጅት ሌላ መንገድ መረጠ፤ በ1941 ዓ.ም. በወጣው ስለ ነፍሳት በሚተርከው ፊልም መክፈቻ ላይ ኒው ዮርክን በሥዕል ፈንታ በትንንሽ ቅርጽ ሠርቶ አሳየ። ጎኑ በእውነት ይዞራል፤ ሆኖም የተቀረጸው ከተማና የተሣሉት ነፍሳት እንደ ዘመዳሞች አይታዩም።

በ1995 ዓ.ም. ጃፓናዊው ማሞሩ ኦሺ ያወጣው «ጎስት ኢን ዘ ሼል» ችግሩን በሌላ ፊት ተመለከተው። ለፊልሙ ከተማ ምሳሌ የሆነችው ሆንግ ኮንግ ናት። ከየሕንጻው ወደ ጎዳናው የሚዘረጉት የሱቅ ሰሌዳዎች፣ አንዱ ከሌላው ፊት ተንጠልጥለው፣ መንገዱን ራሱን በደረጃ በደረጃ ይከፋፍሉት ነበር። እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስም ወደ ካይ ታክ የሚያርፉ አውሮፕላኖች በካውሉን ጣራዎች ላይ ዝቅ ብለው ያልፉ ነበር። ያ ከተማ አስቀድሞ የተነባበረ ነበርና፣ ሠዓሊዎቹ ያዩትን መለየትና ማስቀመጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። በቦይ ላይ በሚያልፍ ጀልባ፣ በሰሌዳዎቹና በዝናቡ መካከል፣ ሰዎች ቃል ሳይናገሩ የሚታዩበት ረዥም ትርኢት አለ፤ ተመልካች ጎን የሌለው ቤት መኖሩን አያስተውልም፤ ምክንያቱም በዚያ ጎዳና ላይ በቂ ሥፍራ አግኝቶ ጎኑን የሚያሳይ ቤት የለም። ከዚያ ወዲህ ከሰሌዳዎቹ ብዙዎቹ በደንብ ምክንያት ተነሥተዋል።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የዲዝኒ ድርጅት ደረጃዎቹን በኮምፒዩተር ማነባበር ስለ ጀመረ፣ ቍጥራቸው በመስተዋት ክብደትም በመደርደሪያ ቁመትም መወሰኑ ቀረ። ስሌቱ ግን ያው ነው፤ የቅርቡ ይሮጣል፣ የሩቁ ይዘገያል፣ ጨረቃ ትቆማለች። ከቀድሞዎቹ ባለ ብዙ መደብ ካሜራዎች አንዱ ዛሬ በሳን ፍራንሲስኮ በዋልት ዲዝኒ ቤተሰብ ሙዚየም ቆሞ ይታያል።