ዓይን ውስጥ ትል የምትረጨው ዝንብ

ዛሬ ብዙ ሰው ሰምቶት ስለማያውቀው የዓይን ችግር ላካፍላችሁ። በተለይ በግ የምታረቡና ለበዓል ገጠር ቤተሰብ ጥየቃ የምትሄዱ በደንብ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ እያላችሁ የሆነ ነገር ድንገት ዓይናችሁን መታ ያደርገዋል። አቧራ የገባ ይመስላችኋል። ከሰዓታት በኋላ ግን ዓይኑ ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ይቆረቁራል። "ውስጡ የሚሄድ ነገር አለ" ትላላችሁ። እውነትም ሊኖር ይችላል!

ተጠያቂዋ የበግ አፍንጫ ዝንብ ናት፤ በሳይንሳዊ ስሟ ኦስትረስ ኦቪስ ትባላለች። ግራጫ ናት፣ ንብ ታክላለች። አትነክስም፤ ካደገች በኋላ የምትበላበት አፍ እንኳን የላትም። እንቁላሏ ሆዷ ውስጥ ስለሚፈለፈል፣ እየበረረች በሕይወት ያሉ ትሎችን በግና ፍየል አፍንጫ ላይ ትረጫለች። ትሎቹ እዚያው አድገው፣ እንስሳው ሲያስነጥስ መሬት ይወድቃሉ፤ አፈር ውስጥ ቆይተው ዝንብ ይሆናሉ። በጎች ፀሐይ ሲከር አፍንጫቸውን መሬት ለመሬት የሚደብቁት አንዳንዴ እሷን ሸሽተው ነው።

ሰው ዓይን ላይ የምትረጨው በስህተት ነው። ትሎቹ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ሰው ላይ ማደግ ስለማይችሉ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። "ታዲያ ምን አስጨነቀን?" ትሉ ይሆናል። አፋቸው ላይ መንጠቆ፣ ገላቸው ላይ እሾህ ስላላቸው የዓይንን የፊት ሽፋን ይቧጭራሉ። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ ዓይን ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ፤ ያኔ እይታ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ችግሩ ተራ የዓይን ማዝ ወይም አለርጂ መምሰሉ ነው። ትሎቹ ብርሃን ስለሚሸሹ ባትሪ ሲበራባቸው ከዓይን ቆብ ሥር ይደበቃሉ። ስለዚህ እኛ ሐኪሞች ዘንድ ስትመጡ "በጎች አጠገብ ነበርኩ፣ የሆነ ነገር ዓይኔን መታኝ" ማለታችሁን አትርሱ። ይህቺ አንዲት ቃል ፍለጋውን በጣም ታቀልልናለች።

ሕክምናው ቀላል ነው። ማደንዘዣ ጠብታ ተደርጎ፣ አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ እየታየ ትሎቹ አንድ በአንድ በወረንጦ ይለቀማሉ። አብዛኛው ሰው በቀናት ውስጥ ይድናል። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

እስከዚያው፦
👉 ዓይናችሁን አትሹት።
👉 በንጹሕ ውሃ መታጠብ አይከፋም፤ ግን መንጠቆ ስላላቸው ብዙ ጊዜ አይለቁም። ታጥቤያለሁ ብላችሁ አትቅሩ።
👉 የቅጠል ጭማቂ ወይም የጡት ወተት አታስገቡ።
👉 ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ፤ መቅላቱን ሸፍኖ ኢንፌክሽን ሊያባብስ ይችላል።
👉 እይታችሁ ከደበዘዘ ወይም ሕመሙ ከጠና ለነገ አትበሉ፤ ያኑ ቀን ሂዱ።

ንፍጥና ማስነጠስ የሚያበዛ በግ ካላችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ፤ ትሉን የሚገድል መድኃኒት አለ። በጉ ሲታከም ዝንቡም ይቀንሳል።

በጎች ጋ የሚውሉት ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። ልጅ "ዓይኔን ይቆረቁረኛል" ሲል በቀላሉ አትለፉት። ገጠር ቤተሰብ ላላቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።