ያውቁ ኖሯል? የጥናት ሰዓት በምን ይለካል?

• አሰላ የሚገኘውን አርሲ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ክብደት በክሬዲት ሰዓት ብቻ ሳይሆን፣ ኢሲቲኤስ በተባለው የአውሮፓ መለኪያም ይገለጻል።

• በብዙ የኮርስ መግለጫዎች 1 ኢሲቲኤስ የ27 ሰዓት ሥራ ነው። ባለ 5 ኢሲቲኤስ ኮርስ እንግዲህ 135 ሰዓት ይጠይቃል። በሳምንት 3 ሰዓት፣ ለ16 ሳምንት ክፍል የገባ ተማሪ 48ቱን ይሸፍናል፤ የቀረው 87 ሰዓት ለንባብ፣ ለአሳይመንትና ለፈተና ዝግጅት የታሰበ ነው።

• ይህ ግን የታቀደ እንጂ በተግባር የተጠና ሰዓት አይደለም። ተመራማሪዎች ትክክለኛውን ለማወቅ ተማሪውን ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት እንዳጠና ይጠይቁታል፤ ወይም የቀን ውሎውን በየሰዓቱ እንዲመዘግብ ያደርጋሉ። መዝገቡ የማስታወስ ስሕተትን ይቀንሳል።

• በአሜሪካ የቆዩ መጠይቆች ሲነጻጸሩ፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከክፍል ውጭ የሚያጠናበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1961 በሳምንት 24 ሰዓት ገደማ ነበር፤ በ2003 ወደ 14 ወርዷል።

እርስዎም ተማሪ ከሆኑ ስልክዎን ያርቁና የአንድ ሳምንት የጥናት ሰዓትዎን በወረቀት ይመዝግቡ፤ ከዚያም ኮርስዎ ከሚጠይቀው ጋር ያስተያዩት።