ድንጋይ ስለሚሆነው አየርና ስለ ምስክር ወረቀቱ





በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ካርቦን ሽያጭ ሲወራ እሰማለሁ፤ ነገር ግን የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሚሸጠው ወረቀት ነው። ወረቀቱም ይህን ያህል ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለት የተቃጠለ አየር፣ ከሰማይ ተወስዶ ተቀምጧል ብሎ ይመሰክራል። እኔም በሙያዬ የምስክር ወረቀት ስፈርም የምኖር መምህር በመሆኔ ነገሩ ከልቤ ገባ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ስለዚሁ ጉዳይ ደንብ አውጥቷል። በእርሻና በደን የሚያዘው ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ ለሕንጻ በሚውል እንጨትና ይህን በመሰለ ዕቃ የሚቀመጠው ቢያንስ ለ35 ዓመት፣ «ዘላቂ» የሚባለው ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የሚቀመጥ መሆን አለበት ይላል።

የዚህ የመጨረሻው ዐይነት በአይስላንድ አገር ይታያል። እዚያ ከአየር የተለየውን ጋዝ በውሃ አሟሙተው ከመሬት በታች ወዳለው የባዛልት ድንጋይ ያስገቡታል፤ ከድንጋዩም ካልሲየምና ማግኒዚየም ጋር ተዋሕዶ ራሱ ድንጋይ ይሆናል። እዚያው በተደረገ ሙከራ፣ ከገባው ጋዝ ከመቶ 95 እጅ የሚበልጠው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ድንጋይ ሆኖ መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ገልጿል። (የእኛም ደጋ ብዙው ባዛልት ነውና፣ ይህን ባነሣሁ ቁጥር ተማሪዎቼ ጥያቄ ያበዙብኛል።)

ዛፍ ግን ይቃጠላል፤ ይቈረጣልም። ዛፍ መትከልን የምነቅፍ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኪዮቶ ስምምነት ሥርዓት የተመዘገበው የወላይታው የሁምቦ ደን የተራቆተ ተራራ አልብሷል። ሆኖም በዚያ ሥርዓት የደን ወረቀት ሁሉ ዘመኑ የተወሰነ ነበር፤ ሲያልቅም ገዢው በሌላ መተካት ነበረበት። ይህ በእኔ አስተያየት ሐቀኛ ሕግ ነበር፤ የፋብሪካው ጢስ ለብዙ መቶ ዓመታት በሰማይ ሲቈይ፣ የ5 ዓመት ወረቀት እንደምን ሊሠርዘው ይችላል? ነገር ግን የደኑ በጥቂት ዶላር ሲገኝ፣ የድንጋዩ በቶን ብዙ መቶ ዶላር ያስወጣልና ገዢው ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ መርማሪው ነው። በፈቃደኝነት በሚካሄደው ገበያ የመርማሪውን ድርጅት ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ተመርማሪው ራሱ ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ተማሪ አባት ቤቴ ድረስ መጥተው «የእርማቱን ድካም ልካስዎ» ብለው ፖስታ ዘረጉልኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጁም ሰነፍ አልነበረም። ፖስታውን ግን መለስሁላቸው፤ ብቀበል ኖሮ ልጁ በገዛ ዕውቀቱ ቢያልፍ እንኳ ማን ያምነን ነበር?

እንግዲህ እንዲህ ያለ ውል በእጃችሁ የሚያልፍ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፣ ቢጠፋ ማን እንደሚተካ፣ የመርማሪውንም ደመወዝ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ጠይቁልን።

አንድ መምህር