ኮቱ አለ፣ ሰውየው የለም፦ ዋይፋይ የቢሮን ሰው መቁጠር ይችላል?

ደብረ ታቦር የባለጉዳይ ከተማ ናት። የደቡብ ጎንደር ዞን መምሪያዎች መቀመጫቸው እዚህ ስለሆነ፣ ከላይ ጋይንትም ሆነ ከስማዳ፣ ከእስቴም ሆነ ከፎገራ ወረዳው ያልፈታለት ጉዳይ ያለው ሰው መጨረሻው ይህችው ከተማ ነች። በር ላይ የሚጠብቀውን መልስ ሁሉም ያውቀዋል፦ «ስብሰባ ገብተዋል»፣ «ፊልድ ወጥተዋል»፣ «ከሰዓት ተመለሱ»። ኮቱ ወንበር ላይ ተሰቅሏል፣ ባለቤቱ ግን የለም። ኃላፊውን ያገኘ ደግሞ ሌላ ሮሮ ይሰማል፤ ቢሮ ጠቧል፣ ባንድ ክፍል አምስት ስድስት ጠረጴዛ ተጠጋግቷል፣ ተጨማሪ ሕንፃ ያስፈልጋል።

«ቢሮው ባዶ ነው» እና «ቢሮ አልበቃንም» የሚሉት ሁለት አቤቱታዎች ጎን ለጎን ከኖሩ ቆይተዋል። አዲስ አበባም ብትሆን ከዚህ አላመለጠችም፤ ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት በኪራይ ሕንፃ ሲሠሩ ኖረዋል። የቱ አቤቱታ እውነት እንደሆነ ለመለየት እስካሁን ያለው መሣሪያ የፊርማ መዝገብና የጣት አሻራ ነው። አሻራ ሠራተኛው ጠዋት 2:30 መግባቱን፣ ማታ 11:30 መውጣቱን ይነግራል። በመካከሉ ወንበሩ ላይ ይኑር አይኑር አያውቅም።

በሌላው ዓለም ይህን ክፍተት ለመሙላት እየተለመደ የመጣው ቀድሞ የተዘረጋውን ዋይፋይ መጠቀም ነው።

አሠራሩ

ኮሪደር ላይ የተሰቀለው የዋይፋይ ማሰራጫ (አክሰስ ፖይንት) ኢንተርኔት ከማደል ሌላ መዝገብ መያዝ ይችላል። ዋይፋይ ያለው እያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ ማክ አድራሻ የሚባል መለያ አለው። ስልኩ ወይም ላፕቶፑ ሲገናኝ በየትኛው አክሰስ ፖይንት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል የሲግናል ጥንካሬ እንደገባ ይመዘገባል። ይህን መዝገብ በየ15 ደቂቃው እየደመሩ የትኛው ሕንፃ መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ ጭር እንደሚል ማየት ይቻላል። ካሜራ መትከል አያስፈልግም። የውጭው መስመር ቢቋረጥ እንኳ ስልኩ ከአክሰስ ፖይንቱ ጋር እስከተገናኘ ድረስ ቆጠራው ይቀጥላል።

በስፋት ከሚጠቀሱት ሙከራዎች አንዱ የለንደን ምድር ውስጥ ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ማብቂያ በ54 ጣቢያዎች ለአራት ሳምንት ያህል የዋይፋይ መዝገብ ተሰብስቦ የ5.6 ሚሊዮን መሣሪያዎች እንቅስቃሴ ታይቷል። አድራሻዎቹ ወደማይለይ ኮድ ተቀይረው ነበር፤ ለተሳፋሪውም በየጣቢያው ማስታወቂያ ተለጥፎለታል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ትንሽ ከብዷል። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2019፣ አይፎን ከ2020 ጀምሮ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኙም ጭምር እውነተኛውን አድራሻ በተለዋዋጭ መሸፈን ጀመሩ። በአጠገብ የሚያልፈውን ስልክ መቁጠር በዚህ ምክንያት አስተማማኝነቱ ቀንሷል። የቢሮውን ዋይፋይ በየቀኑ የሚጠቀመው ስልክ ግን ብዙውን ጊዜ ለዚያው ኔትወርክ አንድ ዓይነት አድራሻ ስለሚሰጥ ቆጠራው አሁንም ይሠራል።

ወደ ጉና ተራራ ግርጌ፣ ወደ ደብረ ታቦር ሲመጣ

የሚቆጠረው መሣሪያ እንጂ ሰው አይደለም። ሁለት ስልክና አንድ ላፕቶፕ የያዘ ባለሙያ ሦስት ሰው ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ክፍል ለክፍል ዞሮ ሰው በመቁጠር ቁጥሩን ማመሳከር ግድ ነው። መብራት ሲጠፋ አክሰስ ፖይንቱም አብሮ ይጠፋል፤ ሰው የሞላበት ቢሮ ዜሮ ሆኖ ይወጣል። በችፑድ የተከፋፈለ ቢሮ ውስጥ ሲግናሉን ግድግዳው ስለማያግደው፣ የሒሳብ ክፍሉን ስልክ ከግዥ ክፍሉ መለየት አስቸጋሪ ነው። ዘዴው ፎቁን ይናገር ይሆናል እንጂ ወንበሩን አይናገርም። ፓስወርዱንማ የግቢው በር ላይ ያለችው ሻይ ሻጭ ሳትቀር ልታውቀው ትችላለች። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ፣ ዋይፋይ ያለው ግቢ ሥራ የሌለውንም ይስባል፤ ቁጥሩ ያብጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ስህተት ግን ቁጥሩን አጣሞ መተርጎም ነው። በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር የግብርና ባለሙያው ቦታ ተራራው ላይ ነው። ያኔ የመምሪያው ቢሮ ባዶ መሆኑ ሥራ መሠራቱን ያሳያል። በሐምሌ ደግሞ አነስተኛ ግብር ከፋይ ስለሚሰለፍ ገቢዎች መላወሻ ያጣል። የዓመቱን አማካይ ብቻ ያየ ሹም ሁለቱንም አያይም።

ሰልፈኛው ራሱስ? ከገጠር የመጣው አርሶ አደር አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ባለቁልፍ ስልክ ነው፤ ዋይፋይ አይነካም። ከጠዋት እስከ ማታ አግዳሚ ወንበር ላይ ቢውል ለዚህ ቆጠራ እንደሌለ ነው። ዋይፋይ የሚያየው ሠራተኛውን ነው፤ ቢሮው የተሠራለትን ሰው አያየውም።

የማን መረጃ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለምን ዓላማ እንደሚሰበሰብ አስቀድሞ መታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ለክፍል አመዳደብ የተጀመረ ቆጠራ «እገሌ 4 ሰዓት ላይ የት ነበር?» ወደሚል ክትትል ከዞረ ዓላማው ተለውጧል። ሠራተኛውም መድኃኒቱ አይጠፋውም፤ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ትቶ ይወጣል። ያኔ ከኮቱ ጋር ስልኩም ይሰቀላል ማለት ነው።

ስለዚህ ለአዲስ ሕንፃ በጀት የሚጠይቅ መምሪያ ስም የሌለበት፣ በፎቅ የተደመረ የሦስት ወቅት ቆጠራ ቢያቀርብ ተገቢ ነው፦ የሐምሌን፣ የጥርንና የአንድ ተራ ወርን። ከጎኑም በእጅ የተቆጠረ የባለጉዳይ ብዛትና የጠበቁበት ሰዓት ይቀመጥ። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሰልፉ ከረዘመ መፍትሔው ሕንፃ አይደለም። ወንበሩም ሰልፉም ከሞላ ግን መምሪያው እውነቱን ነው፣ ይሠራለት።