ከጀልባ ስላለመውረድ

ባሕር እያቋረጡ አገር በሚያስጎበኙ ትላልቅ መርከቦች ከሚሳፈሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ወደብ ሲደርሱ አይወርዱም። ጓደኞቻቸው ከተማውን ሲዞሩ እነርሱ ከመርከቡ ይቀመጣሉ። ይህን ስሰማ «ታዲያ ለምን ተጓዙ?» ብዬ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ጣና ላይ ነው።

ባለፈው ጥር ከእናቴ ጋር ከመካነ ሰላም ባሕር ዳር ሄደን፣ ክብራን ገብርኤልን ለመሳለም በጀልባ ተሳፈርን። በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ እናቴ «አንተ ውጣ ልጄ፤ እኔ ከዚሁ ሆኜ እሳለማለሁ» አለችኝ። ሌሎቹ ወንዶች ሲወርዱ እኔ ግን ከእርሷ ጋር መቅረትን መረጥሁ።

ስንጠብቅ ሳለ በትምህርት ቤት የተማርሁትን አጫወትኋት። ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ በስፋት አንደኛ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ብዙ ወንዞች ይገቡበታል፤ በተፈጥሮ የሚወጣው ወንዝ ግን ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይም በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወርዶ፣ ጎጃምን ሲዞር ከእኛ ከቦረና ደጋ ሥር ያልፋል፤ በመጨረሻም በ2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል። እናቴ እጇን ከውኃው ነክራ «እንግዲያው ይህ ውኃ የአገራችን መንገደኛ ነዋ!» አለች።

ስለዚህ ከመርከብ የማይወርድ ሁሉ ሰነፍ ነው አይባልም። አንዱ ዕረፍት ሽቶ፣ ሌላው አቅም አንሶት፣ ሌላውም መውረድ ከማይችል ሰው ጋር ለመሆን ሲል ይቀራል። እኔም ክብራንን ሌላ ቀን እሳለማለሁ።